የቀንድ አውጣዋ መቆንጠጫ

ውሃው! ሊነጋጋ ሲል አውሊስን ከአልጋው ቀና ያደረገው ሐሳብ ይኼ ነው። ነቃ እንዳይባል አልተኛም፤ ሚስቱ ጉንቮር ከቤት ከወጣች ወዲህ እንቅልፍ የሚባለው ነገር ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይመለሳል እንጂ አይገባም፣ እሱም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ የእሷን ትራስ ሲያይ ያድራል፣ ትራሱ ደግሞ ማንም ስላልተኛበት እንደ ሱቅ ዕቃ ተወጥሮ ተቀምጧል። ውሃው አልወረደም፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለችው የብርድ መለኪያ ከዜሮ በታች ተንደርድራ ወርዳለች፣ የዓመቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ውርጭ ዛሬ ጥሏል፣ ቀንድ አውጣዋ ደግሞ ሆዷን ሙሉ ውሃ ይዛ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቀንድ አውጣ ብላ ስም ያወጣችላት ጉንቮር ናት። ቤቷን ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትዞር፣ አልጋም ምድጃም መጸዳጃም ያላት፣ ናፍጣዋን እየጠጣች ዳገት ላይ ከኋላዋ የመኪና ሰልፍ የምታስከትል መኪና ሌላ ምን ልትባል ነው? ትላለች። ትል ነበር። አሁን ምንም አትልም።

ነገሩ ሁሉ ያለው መቆንጠጫው ላይ ነው። ቀንድ አውጣዋ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው መቀመጫ ጎን፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ በር አለ፤ እሱን ሲከፍቱት የውሃ ማሞቂያው ይታያል፣ ከማሞቂያው ጎን ደግሞ አንዲት ማፍሰሻ አለች፣ ብርድ ሲጠናባት ማንንም ሳትጠይቅ ተከፍታ ውሃውን መሬት ላይ የምትደፋ፣ ማሞቂያው በረዶ እንዳይሰነጥቀው ተብላ የተሠራች። ደግ ነገር ናት፤ ግን በዚህ በስዊድን ሰሜን ክረምቱ ይቅርና በጋውም ብርድ ነውና ተራራ ሥር በሐምሌ ብታድር ውሃህን ደፍታብህ ጠዋት ፊትህን የምትታጠብበት ታሳጣሃለች። ስለዚህ ቀንድ አውጣ ያለው ሰው ሁሉ የማፍሰሻዋን ራስ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦ እንዳትከፈት ያደርጋታል። ይህን የማያደርግ የለም፣ መኸር ሲመጣ መቆንጠጫውን ማንሳት የሚረሳም በየዓመቱ አይጠፋም፣ የረሳ ሰው በጸደይ መጥቶ ማሞቂያውን ለሁለት ተሰንጥቆ ያገኘዋል፣ መንደሩም ዕድሜ ልኩን ይስቅበታል። ጉንቮር ታዲያ የራሷን ሕግ አወጣች፤ መቆንጠጫው ቀይ ይሁን፣ በጋውን ማፍሰሻዋ ላይ ይዋል፣ ውሃው ወርዶ ሲያልቅ የመኪናዋ መሪ ላይ ይሁን፣ በቃ። መሪው ላይ ቀይ ካየህ ደርቃለች፣ ካላየህ ውሃ አለ። መኸር በመጣ ቁጥር እሷ ከውስጥ ሆና ቧንቧዎቹን ትከፍታለች፣ እሱ ከሥር በጀርባው ተኝቶ ቱቦዎቹን ያያል፣ ሲያልቅ «ውሃው ወርዷል!» ብላ ትጮሃለች፣ ከጩኸቷ የተነሳ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። እሱም መኸር በመጣ ቁጥር የሚያዜማት አንዲት ዜማ አለችው፣ «በሚመጣው ዓመት ግን ወደ አገሬ»፤ ከፊንላንድ ጫካ ሲወጣ ለእናቱ «ሦስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ የመጣ ሰው ነው፣ እናቱ ሞታ፣ ፋብሪካው ጡረታ አውጥቶት፣ ሦስቱ ዓመት ግን እስካሁን አላለቀም። እሷ ይህችን ዜማ ስትሰማ መቆንጠጫውን ከመሪው ትነቅልና ጆሮው ላይ ታደርገዋለች፣ «ይኸው! እዚሁ ተሰጥተህ ትደርቃታለህ!» ያማል። እሱም እስኪቀላ ድረስ አያወልቀውም ነበር፣ ደስ ስለሚለው።

በበጋው መጀመሪያ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗንና ቃላቷን አንድ ላይ ወሰደባት፣ የተወላት አንዲት «አዎ» ብቻ ነው፣ እሷም ብትሆን ቃል አይደለችም፤ የዚህ አገር ሰው አዎ ሲል ከንፈሩን አሞጥሙጦ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ አለቀ። አውሊስ ወረቀት ፋብሪካው የገባ ሰሞን አለቃው ሲስብ የደነገጠ መስሎት ምን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አይቷል፤ አለቃን አንተ ማለትንም ያኔ ነው የለመደው፣ ለእናቱ ሲነግራት ውሸቱን ነው ብላለች። መሳቡን ግን ስንት ዓመት ሲሞክር ጉንቮር «ሾርባ የምትጠጣ ነው የምትመስለው» እያለች ስታስቆመው ኖረች። አሁን ያቺ አየር መሳብ ብቻ ቀረቻት፣ ለሁሉም ነገር። ራበሽ? ትስባለች። ጠገብሽ? ትስባለች። ከዚያ ወዲህ በገባችበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትንከባከባት ኢንገር አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይዛው «አውሊስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልማድ ነው እንጂ መልስ አይመስለኝም» አለችው፣ ደግ ሴት ናት፣ ስትናገር እጁን ይዛ ነው። እሱም ሊፈትናት ገባና «ጉንቮር፣ እኔ ጳጳስ ነኝ አይደል?» አላት። ሳበች። ሳቀ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። ውስጥ አለች ወይስ የለችም? እንቅልፍ የሚነሳው ይኼ ነው፣ ውርጩማ ለውርጭ ማን ይጨነቃል። ካለች ጥሏት የሚሄድበት እግር የለውም። ከሌለች ደግሞ እህቱ ኬርቱ እውነቷን ነው።

ኬርቱ ትናንት ደውላለች። ትናንት እሑድ ነው፣ እሑድ እሑድ ጉንቮርን ከመጦሪያው ያመጣታል፣ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካለው መቀመጫ ላይ ያስቀምጣታል፣ ቡና ያፈላል፣ የቀረፋ ዳቦ ይቆርስላታል፣ የትም አይሄዱም፣ በመስኮት የራሳቸውን ግቢ ያያሉ። ውሃውን እስከዛሬ ያላወረደው ለዚህ ነው። ስልኩ ሲጮህ የእህቱን ስም አየና ወጥቶ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ሄደ፣ ምክንያቱም ጉንቮር ፊንላንድኛ ትሰማለች፣ ወይም ትሰማ ነበር፣ ሰው ሚስቱን ስለ መተው ሚስቱ ፊት አይነጋገርም።

«ክፍሉን ቀባሁት» አለች ኬርቱ።

«ምን ቀለም?»

«ምን ያደርግልሃል ቀለሙ? ቢጫ ነው። አሁን ቁርጡን ንገረኝ።»

«ኬርቱዬ...»

«ኬርቱዬ አትበለኝ። ይህን የእናታችንን ቤት ማገዶውን ብቻዬን ፈልጬ ብቻዬን አሞቀዋለሁ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቄ ፖስተኛው ያገኘኛል። እሷ እንደሆነች ታጥባ፣ በልታ፣ ተኝታለች፣ የሚያያት አላት። እኔን ማን ያየኛል? ድመቷ? ድመቷም ምግቧን ነው የምታየው።»

«ጉንቮርን ትቼ እንዴት...»

«ታውቅሃለች?»

ሳያስበው ከንፈሩን አሞጥሙጦ አየር ሳበ፣ ያቺን የዚህን አገር አዎ፣ ግማሽ አዎ።

«ሃሎ? ስልኩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያው ነገ። ያቺን ቤት ያላት መኪናህን ሽጣት፣ ነገ ደግሞ መጣሁ ትለኛለህ።»

ነገ ብሏታል። ያ ነገ ዛሬ ነው። ወሬው ረዝሞ ሲመለስ ጉንቮር ትቷት እንደሄደው ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣለች፣ ቡናዋ ቀዝቅዟል፣ ቀና ብላ አየችው፣ እሱ ግን አላያትም፤ ሰርቆ እንደመጣ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እራት እንዳያልፋት ብሎ፣ እየመሸም ነበርና፣ ተሸክሞ ሌላዋ፣ ትንሿ መኪናቸው ውስጥ አስገባትና ወሰዳት። ውሃ ማውረድ ማን ትዝ ይለዋል።

አሁን ግን ትዝ ብሎታል፤ ጃኬቱን ብቻ ደርቦ በረጅም የውስጥ ሱሪውና በሚስቱ ቦቲ ነው የወጣው፣ ደጁ ላይ ያገኛት የእሷን ነዋ፣ ብርዱ አፍንጫውን ይዞት እየሮጠ፣ ሰማዩ ገና አመድ ነው፣ ቀንድ አውጣዋ ውርጭ ለብሳ ነጥታለች፣ የኋላ ጎማዋ ያለበት ጉድጓድ መስተዋት ሆኗል። በረዶ። ከሆዷ ሥር ካለው ቱቦ ጫፍ የበረዶ ጣት ተንጠልጥሏል። ፈነዳች! የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ውሃው ወጥቷል ማለት አንድ ነገር ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ጉንቮርዬ ይቅር በይኝ፣ አንድ ሥራ ሰጥተሽኝ፣ አንዲት መቆንጠጫ ማንሳት፣ ይኸው ቀንድ አውጣሽን ገደልኳት። በሩን ከፍቶ ገባና መጀመሪያ መሪውን አየ። ቀይ የለም። እንደ ሕጉ ውሃ አለ ማለት ነው። ተንበርክኮ ትንሿን በር ከፈተ፣ ማሞቂያውን በመዳፉ ደባበሰው፣ ደረቅ ነው፣ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለበትም፣ ማፍሰሻዋ ግን ተከፍታ ራሷን ቀና አድርጋ አገኛት። መቆንጠጫው የለም። ከጎኗ ያለው የትልቁ ታንክ ማዞሪያም እስከ መጨረሻው ተዞሯል። ውሃው አልፈሰሰም፤ ወርዷል። የሆነ ሰው አውርዶታል።

ማን? መቼም ሲክስተን፣ መጋዘን የሚያከራያቸው ገበሬ፣ በሰው ግቢ ገብቶ ውሃ አያወርድም፣ የራሱንም በግድ ነው። እኔው ነኝ? አውርጄ ረሳሁት? ጃጀሁ ማለት ነው፣ ጥሩ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ያድርጉልን። ከዚያ የወጥ ቤቷን ቧንቧ አየ። እጀታው ተነስቷል፣ ከቀዩም ከሰማያዊውም አይደለም፣ መሃል ላይ ቆሟል፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም አንድ ላይ እንዲወርድ። እሱ እንዲህ አያደርግም፤ እሱ መጀመሪያ ሙቁን ከዚያ ቀዝቃዛውን ነው፣ በዚህ የተነሳ በየመኸሩ ይጨቃጨቃሉ፣ መሃል ላይ የምታደርገው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የመታጠቢያውን ቧንቧ ሄዶ አየው፤ ተዘግቷል፣ ማንም አልነካውም። መታጠቢያው ጋ ለመድረስ ተነስቶ መራመድ ያስፈልጋል። አውሊስ ቀስ ብሎ ከበሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፣ የእሷ ቦታ ላይ፣ ቀኝ እጁን እንደሞተ ጭኑ ላይ ጣለና ግራውን ዘረጋ። ትንሿ በር ትደርሳለች። ማፍሰሻዋ ትደርሳለች። የታንኩ ማዞሪያ ጎንበስ ቢሉ ይደረስበታል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ፣ ቀንድ አውጣዋ ጠባብ ናትና፣ ዘንበል ካሉ ይደረስበታል። እሱ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ስለ እሷ ሲነጋገር እሷ እዚህ ተቀምጣ ውርጩ ሊመጣ መሆኑን አውቃ የመኸሯን ሥራ እየሠራች ነበር፣ በአንድ እጇ። አለቀሰ፣ ሳቀም፣ ሁለቱም መሃል ላይ እንዳለው ቧንቧ አንድ ላይ ወረዱ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ልማድ ነው ብትለውስ ኢንገር? ብዙ መኸር የሠራ እጅ ባለቤቱ ባይኖርም ሊሠራ ይችላል፣ ዶሮም ጭንቅላቷ ተቆርጦ ትሮጣለች፤ ኧረ ምን ዓይነት ምሳሌ ነው፣ አፌን ይያዘው! መቆንጠጫውን ፈለገ፣ ምንጣፉ ሥር፣ ትራሶቹ መሃል፣ ስኒው ውስጥ። የለም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ተነስተሃል?» ሲክስተን ነው።

«ወድቄ ነው ያለሁት።»

«ምን?»

«ምንም። ተነስቻለሁ።»

«መጋዘኑን ዛሬ ነው የምዘጋው። እና የት ላስገባህ?»

ሲክስተን ላሞቹን ከሸጠ ወዲህ ክረምቱን የሚያስገባው የሰው ቀንድ አውጣ ነው፤ መስተዋት ለመስተዋት አጠጋግቶ ይደረድራቸዋል፣ አንዴ ከገቡ ከፊት ያለው ሳይወጣ ከኋላ ያለው አይወጣም፣ ስለዚህ ለሁሉም ጥያቄው አንድ ነው፤ በጸደይ መቼ ትወጣለህ? ቀድሞ የሚወጣ መጨረሻ ይገባል፣ በሩ ጋ ይቆማል። በሩ ጋ ያለው ቦታ የአውሊስና የጉንቮር ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሜዳው ላይ ገና በረዶ እያለ ጉንቮር መጥታ መጋዘኑን ታንኳኳ ነበር።

«ሰው ሁሉ ትሸጣለህ ነው የሚለው» አለ ሲክስተን።

«የቱ ሰው?»

«ሰው ነዋ! ሱቁ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ቤተ ክርስቲያኑም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ገና ከራሱ ጋር ሳይመክር መንደሩ ወስኖለታል።

«የምትሸጥ ከሆነ፣ ወይም የማትወጣ ከሆነ፣ ጥግ ላስገባህ። የጥርስ ሐኪሙ በሩ ጋ አድርገኝ እያለ ሲለምነኝ ነው የከረመው።»

«ከሰዓት ይዣት ስመጣ እነግርሃለሁ።»

«አይ ፊንላንዳዊ! ካንተ አንድ ቃል እስኪወጣ ክረምቱ ያልፋል» ብሎ ዘጋው።

ቤት ገብቶ ሱሪና የራሱን ጫማ አድርጎ ተመለሰ። ሥራ ጥሩ ነው፣ እጅ ሲይዝ ልብ ይተነፍሳል። የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተ፣ መሃል ላይ አደረገው፣ ዘንድሮ ክርክር የለም፣ የገላ መታጠቢያውን ራስ ወለሉ ላይ አጋደመው፣ የቀረችውም ጠብታ ወረደች። ፍራሾቹን እርጥበት እንዳይዛቸው አቆማቸው። የማቀዝቀዣውን በር እንዳይዘጋ በጉንቮር የእንጨት ማንኪያ ደገፈው። በየጥጉ ሳሙና አስቀመጠ፣ አይጥ የሳሙና ሽታ አይወድም ትላለች፣ እሱ ደግሞ በጸደይ ታጥበው የሚጠብቁን አይጦች ናቸው ይላታል፤ ዛሬም አለው፣ ሰሚ ሳይኖር። ከቁም ሳጥኑ ደረቅ ዳቦና አንድ ትንሽ ጠርሙስ የጫካ እንጆሪ ማርማላታ አወጣ፣ ጠርሙሱን ለእሷ ብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፤ እንደ ሽማግሌ ስላ፣ ጭሷን ተፍታ፣ ተነሳች። ማደያው ሄዶ የክረምቱን ናፍጣ ሞላ፣ እስከ አፏ፣ ጎዶሎ ታንክ ብርድ ላይ ያልበዋል፣ የበጋ ናፍጣ ደግሞ እንደ ሰም ይረጋል። አዲሱ ናፍጣ ማጣሪያው ድረስ እንዲገባ ትንሽ መንዳት ያስፈልጋል፤ ሲክስተን ጋ ለመሄድ ወደ ግራ ነው፣ አውሊስ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ናፍጣው እንዲገባ ነው፣ መጦሪያው በቀኝ በኩል መሆኑ የእሱ ጥፋት አይደለም።

ኢንገር ገና በሩ ላይ አገኘችው። «አንተ! ምን አስይዘህ ነው ያመጣሃት?»

«ምን አስያዝኳት?»

«መቆንጠጫ ነዋ! ማታ ካፖርቷን ሳወልቅላት ሹራቧ ላይ ተቆንጥጦ አገኘሁት። ላነሳው ስል እጄን መታችኝ፣ የእኛ ለስላሳ ጉንቮር! እሱን ይዛ ነው ያደረችው። ጠዋት ሲያጥቧትም ከእጇ አልወጣ ብሎ ከነመቆንጠጫዋ ነው የታጠበችው።»

ጉንቮር መስኮቱ ጋ ወንበሯ ላይ ናት። ቀዩ መቆንጠጫ ደረቷ ላይ፣ እንደ ሜዳልያ። መሪው ጋ መድረስ ስላልቻለች ይዛው መጥታለች፣ ዝም ብላ ልትጥለው አትችልም፣ ሕግ ነው። አውሊስ አጠገቧ ተቀመጠና ግራ እጇን ያዘ፣ ልቡ ይመታል፣ በዚህ ዕድሜው የሚያጫት ይመስል።

«ጉንቮር፣ ውሃውን ያወረድሽው አንቺ ነሽ?»

አየር ሳበች። ልቡ ዘለለ።

«ወይስ ሲክስተን ነው?»

ሳበች።

«ወይስ ጳጳሱ ናቸው?»

ሳበች። ልቡ ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። ኢንገር አልጋውን እያነጠፈች ነበር፣ ዞር ብላ አየችውና መልሳ ወደ አንሶላው አቀረቀረች፣ ማየቷም ማቀርቀሯም አሳመመው። እሺ። እንግዲህ ልማድ ነው። የሰው እጅ ብቻውን ያስታውሳል፣ አፍም ብቻውን ይስባል፣ ባለቤቲቱ ሄዳለች፣ ኬርቱ ደግሞ ቢጫ ክፍል ውስጥ ቆማ እየጠበቀች ነው። ደከመው። ሊፈትናት አይደለም አሁን፣ ሁልጊዜ የሚያማክራት እሷን ስለሆነ ነው፣ ሌላ ማን አለው፣ ትናንት ከማገዶ ቤቱ ጀርባ የተናገረውን ዛሬ ፊቷ ተናገረው፣ «ቀንድ አውጣዋን ልሽጣትና ወደ አገሬ ልግባ ይሆን፣ ጉንቮር?» ብሎ አንገቱን ደፍቶ አየሯን ስትስብ ለመስማት ጠበቀ።

አልሳበችም።

ቀና አለ። ከንፈሯ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ዓይኗ እሱ ላይ ነው፣ ያ ዓይን፣ ጭቃ የነካ ጫማ ይዞ ሲገባ የምታየው ዓይን። ኢንገርም አንሶላውን እንደያዘች ቆማለች። ጉንቮር እጇን ከእጁ አወጣች፣ ደረቷ ላይ ያለውን መቆንጠጫ ፈልጋ አገኘችው፣ ነቀለችው፣ ጭኗ ላይ ወደቀባት፣ መልሳ አነሳችው፣ ወደ እሱ ዘረጋችው። ልትሰጠኝ ነው ብሎ መዳፉን ከፈተ። መዳፉን አልፋው ሄደች። እጇ ጉንጩን ነካ፣ አለፈው፣ ጆሮው ላይ ደረሰና ቀጭ አደረገበት።

አመመው። እንደዚያ አምሞት አያውቅም፣ እንደዚያም ደስ ብሎት አያውቅም። ጉንቮር አፏን ከፈተች፣ ቃሉን ፈለገችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ አልመጣም፣ በቦታው ሳቋ መጣ፣ ጎርነን ያለ፣ ትንሽ የተሰበረ፣ ግን የእሷው ሳቅ።

«ኧረ ጉድ!» አለች ኢንገር፣ ዓይኗን በአንሶላው እየጠረገች። «ያምሃል፣ ላንሳልህ?»

«እንዳትነኪው!» አላት አውሊስ።

ከነመቆንጠጫው ወጣ። ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ተቀምጦ በደህናው ጆሮው ለእህቱ ደወለ፣ ጉንቮር ከላይ በመስኮቷ ስታየው ትታየዋለች።

«እሺ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች ኬርቱ።

«በጸደይ።»

«በጸደይ? ክረምቱን ምን ልትሠራ ነው?»

«በጸደይ እንመጣለን። ከጉንቮር ጋር። ባሕሩን ዞረን በድንበሩ በኩል፣ ቀስ እያልን። ሐኪሙ ከፈቀደልኝ። ባይፈቅድልኝም እጨቀጭቀዋለሁ።»

ኬርቱ ድመቷን ከጭኗ ስታወርድ በስልኩ ይሰማል።

«አንተ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ» አለችው፣ ድምጿ ሌላ ሆኖ።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። አውቃለሁ። አንጀቴ እየተቆረጠ ነው የምነግርሽ። ግን ውስጥ አለች፣ ኬርቱ። እዚያ ውስጥ ናት፣ ትታኝ አልሄደችም፣ እኔም ትቻት አልሄድም። አንቺ ለገና ነይ፣ አውቶቡሱ ደጅሽ ድረስ ይመጣል፣ ድመቷን ለጎረቤት ስጫት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀለም ለማን ነው የቀባሁት?»

«ለአንቺ። እኛ ግቢሽ ውስጥ ቀንድ አውጣችን ውስጥ ነው የምንተኛው።»

«ሞኝ!» አለች፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። «ሳውናውን ግን አነድድላችኋለሁ። ሳውና ትወዳለች?»

አውሊስ አየር ሳበ።

«ሃሎ? ይኼ ስልክህ አሁንም ይቋረጣል።»

ሲክስተን መጋዘኑ ደጅ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። አውሊስን አየው፣ ጆሮውን አየው፣ እንደገና አውሊስን አየው።

«ጆሮህ ምን ሆኖ ነው?»

«ተመከርኩ።»

«ጉንቮር?»

«ሌላ ማን ይመክረኛል?»

ሲክስተን ፈገግታውን ወደ ትከሻው ደበቀና በሩን በሰፊው ከፈተው። ውስጡ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቀንድ አውጣ ከቀንድ አውጣ ተጠጋግቶ ተደርድሮ፣ የጥርስ ሐኪሙ ነጯ ደግሞ ከኋላ ጥግ ላይ ተሰንቅራለች። በሩ ጋ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ወለሉም ተጠርጎ።

«የጥርስ ሐኪሙስ?»

«በጸደይ መጥቶ ይሰድበኛላ። እኔ ምን ላድርግ? ይኼ የእናንተ ቦታ ነው።»

አውሊስ ቀንድ አውጣዋን ወደ ኋላ እየነዳ አስገባት፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ባትሪውን ነቀለ። ከዚያ መቆንጠጫውን ከጆሮው አወጣ፣ ጆሮው ይነዳል፣ መሪው ላይ አደረገው፣ ትንሽ አየውና ወጣ። ሲክስተን ትልቁን በር እየገፋ፣ ለሁሉም በየዓመቱ የሚጠይቀውን ጠየቀው።

«ውሃው ወርዷል?»

«ወርዷል» አለ አውሊስ። «ጉንቮር አውርዳዋለች።»